ጥርሱ ይነቀል ወይስ ይታከም? ሩት ካናልና ማስነቀልን ጅማ ላይ ሆኖ ማመዛዘን

ባለፈው ዓመት ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ቆሎ ስቆረጥም አፌ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድንጋይ መስሎኝ ነበር። በጣቴ ሳወጣው የራሴ ጥርስ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ግማሹ ተገምሶ ወጥቷል። ምንም አላመመኝም። ሊያመኝም አይችልም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሩት ካናል ተሠርቶለታል፤ ነርቩ ወጥቶ ውስጡ ተደፍኗል።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መስታወቷን አስገብታ አየች፣ ራጅ አስነሳችኝ፣ ከዚያ ትንሽ ዝም አለች። «እህቴ፣ ይሄ ጥርስ ያኔ ሽፋን አልተደረገለትም?» አለችኝ። ጥርሱ እንዳይሰነጠቅ እንደ ቆብ የሚደፋበት ሽፋን የሚባል ነገር እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መጀመሪያ የሠራልኝ ክሊኒክ ጥርሱን ሞልቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ «ጨርሰሻል» ብሎ ነው የሸኘኝ። ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ወርዶ ስለነበር ጥርሱ ተነቀለ። ለአንድ ጥርስ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ፤ ጥርሱም የለም።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ላይ ያገኘሁትን ሐኪም ሁሉ እጠይቃለሁ፣ ያገኘሁትን አነባለሁ። ወዳጅ ዘመድም ጥርሱን ሲያመው ወደ እኔ መደወል ጀምሯል። «ላስነቅለው ወይስ ላሳክመው?» ይሉኛል። እኔ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እስከ መጨረሻው ትሄዳለህ? ጥርሱን ለማዳን የጀመረ ሰው እስከ ሽፋኑ መሄድ አለበት። መሄድ የማይችል ከሆነ በጊዜ ማስነቀል ነውር የለውም። መሃል መንገድ ላይ የቀረ ሩት ካናል ግን ከሁለቱም ይብሳል።

መጀመሪያ ጥርሱ የት እንደደረሰ እወቁ

ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ውስጡ ግን ሕይወት አለው። መሃሉ ላይ ነርቭና የደም ሥር የያዘ ለስላሳ ክፍል አለ፤ እየቀጠነ በሥሩ በኩል ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ሩት ካናል የሚባለው ሕክምና የሚሠራው እዚያ ቀጭን ቦይ ውስጥ ነው።

ጥርስን የሚቦረቡረው ትል አይደለም። «ትል በላው» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ የእምቧይ ፍሬ ጭስ የሚታጠኑም አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጥርስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ፣ ጥርሱን የሚያሟሟው ያ አሲድ ነው። ከሰዓቱን ሙሉ ጫት ይዞ ስኳር ጣል እያደረጉ ወይም በለስላሳ እያወራረዱ መቀመጥ ጥርስን ለሰዓታት አሲድ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ጅማ ላይ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ጥርስ ማውራት ይከብደኛል።

ቀዳዳው ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ማስሞላት ይበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጡ ነዝሮ፣ ውሃው ሲሄድ ወዲያው የሚተው ከሆነ ነርቩ ሊተርፍ ይችላል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ አስሞሉት። ሕመሙ ውሃው ከሄደ በኋላ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማንም ሳይነካው ሌሊት እየጠዘጠዘ ከእንቅልፍ ካስነሳችሁ፣ ጋደም ስትሉ ከባሰ፣ ትኩስ ቡና ሲነካው ጣሪያ ካስነካችሁ፣ ነርቩ አይመለስም።

ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ደስ ይለዋል። ከሁሉ የምፈራው ይህን ቀን ነው። ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለሞተ ነው፤ ኢንፌክሽኑ በሥሩ በኩል ወደ አጥንት እየወረደ ነው። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲያኝኩበት ያማል፣ ድድ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ወጥቶ መግል ያፈሳል፣ ጥርሱ ይጠቁራል። እዚህ ከተደረሰ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ሩት ካናል ወይም መንቀል።

በመሃል አንድ ጠባብ በር አለ። ነርቩ ጨርሶ ካልሞተ የታመመውን የላይኛውን ክፍል ብቻ አንስቶ በልዩ ሲሚንቶ መሸፈን አንዳንዴ ይቻላል። ሥሩ አድጎ ላልጨረሰ የልጅ ቋሚ ጥርስ በተለይ ይህን ጠይቁ።

መድኃኒት ቤት ምርጫ ውስጥ አይገባም

ብዙዎቻችን ግን ከሁለቱ በፊት ሦስተኛ መንገድ እንሞክራለን። ከባጃጅ ወርደን መድኃኒት ቤት ጎራ እንልና «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» እንላለን። እኔም አድርጌዋለሁ። እብጠቱ ይጎድላል፣ ሁለት ወር እንሰነብታለን፣ ተመልሶ ይመጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው። የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይገባም። ባክቴሪያው ጎጆውን ጥርሱ ውስጥ ሠርቶ ተቀምጧል፤ መድኃኒቱ ደጁ ላይ ቆሞ ይመለሳል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ በሽታ የሌለበት አዋቂ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ የጥርስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ እንደማያስፈልገው፣ ጥርሱ ራሱ መታከም እንዳለበት ጽፏል። ትኩሳት ሲኖር ወይም እብጠቱ ሲስፋፋ ግን ያስፈልጋል፤ ያኔም ከጥርሱ ሕክምና ጋር ነው። ሳያስፈልግ የተዋጠው ደግሞ ባክቴሪያውን ያለማምደዋል፤ ልጃችሁ የሳንባ ምች ሲይዘው የምትፈልጉት ያንኑ መድኃኒት ነው።

ቀጠሮው እስኪደርስ ለሕመሙ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አንድ ላይ ሲወሰዱ ከየብቻቸው ይልቅ ያስታግሳሉ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይቡፕሮፌኑን ይተወው። ቅርንፉድ ያደነዝዛል፤ ሐኪሞቹም ከሱ የሚገኘውን ዘይት ይጠቀማሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ፣ የተፈጨ አስፕሪን ድድ ላይ መለጠፍ ግን ሥጋውን ያቃጥላል።

አንድ ነገር አደራ። እብጠቱ ከአገጭ በታች ወደ አንገት ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ዓይን እስኪጨፈን ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደ እስኪነጋ አትጠብቁ። ያ የጥርስ ሕመም መሆኑ አብቅቷል፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂዱ። ሰው ይሞትበታል።

ወንበሩ ላይ የሚሆነው

ሰው ሩት ካናልን ከመንቀል ይበልጥ ይፈራል። ፍርሃቱ ግን ቦታ የሳተ ይመስለኛል። የሚያመው ከመምጣታችሁ በፊት ያለችው ሌሊት ናት።

መጀመሪያ ራጅ ይነሳል። ከዚያ ማደንዘዣ ይወጋሉ። በጣም የቆጣ የታችኛው መንጋጋ በአንድ መርፌ አልደነዝዝ ሊል ይችላል፤ እጃችሁን አንሡና ንገሯቸው፣ ይጨምሩላችኋል። ዝም ብላችሁ አትቻሉት። ቀጥሎ ጥርሱ ብቻ ብቅ እንዲል አድርገው በቀጭን ጎማ አፋችሁን ይሸፍናሉ። ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ምራቃችሁ ወደ ጥርሱ እንዳይገባ፣ መሣሪያና ፈሳሽም ወደ ጉሮሯችሁ እንዳይወርድ። ይህን ጎማ የሚጠቀም ሐኪም ካገኛችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ጥርሱ ከላይ ይበሳል። ከዚያ በመርፌ ቅጥነት ያሉ ሞረዶች አንድ በአንድ እየገቡ የሞተውን ነርቭ ይጠርጋሉ። በየመሃሉ ፈሳሽ ይረጫል፤ ሽታው ወዲያው ይታወቃችኋል። ልብስ የምናነጣበት የበረኪና ሽታ ነው፤ ነገሩም እሱው ነው፣ መጠኑ ተለክቶ የተዘጋጀ። ሞረዱ የማይደርስበትን ጥጋጥግ ባክቴሪያ የሚገድለው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ቦዩ ጉታ ፐርካ በሚባል፣ ከዛፍ ሙጫ በሚሠራ ነገር ይደፈናል። አይቼዋለሁ። ሮዝ መልክ ያለው፣ ጫፉ የሾለ፣ እንደ ቀጭን ጧፍ ያለ ነገር ነው። እንደ ጧፍም በሙቀት ይለሰልሳል።

የፊት ጥርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦይ ነው ያለው፣ ቶሎ ያልቃል። የታች መንጋጋ በአብዛኛው ሦስት፣ የላይኛው ሦስት ወይም አራት አለው። የጊዜውም የዋጋውም ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ቀጠሮ፣ በየቀጠሮው አንድ ሰዓት ወይም ሰዓት ተኩል ብላችሁ አስቡ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሲያኝኩበት ትንሽ ቢያም ያለ ነው። በደንብ ከተሠራ ከ10 ጥርስ 8 ወይም 9ኙ ይድናል፤ ያልዳነውንም ብዙ ጊዜ ከፍቶ እንደገና መሥራት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሕመሙን ያጠፋዋል። ሰው የሚጠፋውም ያኔ ነው። ጊዜያዊው መድፈኛ የተሠራው ለጥቂት ሳምንት ነው። ወር ካለፈው ይሸረፋል፣ ምራቅ ይገባል፣ የተጠረገው ቤት እንደገና ይቆሽሻል።

«ሩት ካናል የተሠራ ጥርስ ሌላ በሽታ ያመጣል» የሚል ወሬም ደርሶኛል። ዌስተን ፕራይስ የሚባል አሜሪካ ይሠራ የነበረ የጥርስ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ያስፋፋው ሐሳብ ነው። በኋላ የመጡት ጥናቶች አልደገፉትም።

ሽፋኑ

ነርቩ የወጣለት መንጋጋ ውስጡ የተፈለፈለ ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ቆሎ፣ አጥንት፣ የቂጣ ጠርዝ ሁሉ የሚያርፍበት እሱ ላይ ነው። ክራውን ወይም ሽፋን የምንለው ጥርሱን እንደ ቆብ ዙሪያውን አቅፎ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ሽፋን ያልተደረገለት መንጋጋ ከተደረገለት ይልቅ ቶሎ ይሰበራል፤ የኔው ምስክር ነው። የፊት ጥርስ ብዙም ጫና ስለማያርፍበት፣ የቀረው አካሉ ደህና ከሆነ አንዳንዴ በሙሌት ብቻ ይኖራል።

የብረት አለ፣ ብረት ላይ ሸክላ የተለበጠ አለ፣ ዚርኮኒያ የሚባል ጠንካራ ነጭ ሸክላ አለ። ለማይታይ የኋላ ጥርስ ብረቱ ጠንካራና ብዙውን ጊዜ ርካሽ ነው። መልኩ ካላስጨነቃችሁ እሱን አትናቁት። ዋናው ነገር ሳምንታት ሳያልፉ መደረጉ ነው።

መንቀል ልክ የሚሆንበት ጊዜ

እናቴ አጋሮ ነው የምትኖረው፤ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የላይኛው የመጨረሻ መንጋጋዋ ታመመ። እኔ በራሴ ቁጭት ተነሥቼ «ይታከምላት» ብዬ ድርቅ አልኩ። ሐኪሟ ራጁን አየች፣ የታችኛውን መንጋጋ በጣቷ ነካካች፣ ከዚያ ለእናቴ እንዲህ አለቻት፤ «እማማ፣ ይሄ ጥርስ ከታች የሚገጥመው ጓደኛ የለውም። ለማኘክም አያገለግልዎትም። ብናወጣው ምንም አይጎድልብዎት።» ልክ ነበረች። ሦስት ጊዜ ከአጋሮ መመላለስም የለም፣ ሽፋንም የለም። በአንድ ቀን አለቀ። እናቴ እስከዛሬ አንድም ቀን ስለዚያ ጥርስ አላነሣችም።

እንዲህ ያለ ጥርስ፣ ስንጥቁ ሥር የደረሰ፣ ብስባሹ ከድድ በታች ወርዶ ሽፋን የሚይዝበት ግድግዳ ያጣ፣ በድድ በሽታ የተነቃነቀ፣ ይነቀል። የሚመላለስበት ጊዜና ገንዘብ የሌለውም ሰው ያስነቅል። መግል ይዞ ዓመት ከመቆየት ይሻላል።

ከተነቀለ በኋላ ጨርቁን ግማሽ ሰዓት ያህል ጥብቅ አድርጋችሁ ንከሱ። 24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ አትትፉ፣ በስትሮው አትጠጡ። ሲጋራ፣ ሺሻና ጫት ይቅርባችሁ። ጉድጓዱን የሚሸፍነው የረጋ ደም ከተነሣ አጥንቱ ይገለጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እየተሻለ ሲመጣ ድንገት የሚያስለቅስ ሕመም ከጀመረ እሱ ነው፤ ተመለሱና ሐኪሙ አጥቦ መድኃኒት ያድርግበት።

ማስነቀል ርካሽ ነው የሚባለው ግን ክፍተቱን ክፍት ለመተው ከወሰናችሁ ብቻ ነው። የመጨረሻው የኋላ ጥርስ ከሆነ መተው ይቻል ይሆናል። ከመሃል ከሆነ ግን ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ከላይ ያለው ወደ ታች ይወርዳል፣ አጥንቱም ቀስ እያለ ይሟሽሻል። በዓመታት የሚመጣ ነገር ስለሆነ አይታወቀንም።

መሙላት ከፈለጋችሁ ሦስት ነገር አለ። የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ ርካሽ ነው፤ ማታ ይወለቃል፣ ሲበሉ ይንቀሳቀሳል። ብሪጅ፣ በጎን ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሸፍነው ድልድይ፣ አይንቀሳቀስም፤ ነገር ግን ግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች ማስሞረድ ይጠይቃል። ጤነኛ ጥርስ መሞረድ እኔን ያሳዝነኛል፤ ጎረቤቶቹ ቀድሞውንም ሙሌት ያላቸው ከሆኑ ግን ጥሩ ምርጫ ነው። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ብሎን ነው። ብሮኔማርክ የተባለ ስዊድናዊ በ1965 በፈረንጆቹ የመጀመሪያውን ሰው ላይ ከተከለ ወዲህ ብዙ ርቀት ሄዷል። ጎረቤት አይነካም፣ አጥንቱን ይጠብቃል። ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፣ ከሁሉም ውድ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ሩት ካናልን ከነሽፋኑ፣ መንቀልን ከነመተኪያው አስቀምጡና አስሉ። የሩት ካናልን ዋጋ ከመንቀያው ጋር ብቻ ያነጻጸረ ሰው ሁሌም ያስነቅላል። እኔ ያኔ ያላሰላሁት ይህን ነው።

ጅማ ላይ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ በሕክምና ማዕከሉም የጥርስ ሕክምና ይሰጣል። ተማሪ በመምህሩ ሥር ሆኖ ሲሠራላችሁ ጊዜ ይወስዳል፣ ሥራው ግን በየደረጃው ይታያል። ወረፋ የማያስቸግራችሁ፣ ጊዜ ያላችሁ ሰዎች ይህን አስቡበት። የግል ክሊኒክ ቀጠሮው ይፈጥናል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ራጅ እዚያው እንዳላቸውና ሽፋን እንደሚሠሩ አረጋግጡ። ሽፋን የማይሠሩ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ማን እንደሚሠራላችሁ ማወቅ አለባችሁ።

አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጊቤን ወርዶ መውጣቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቀድሞ ተሠርቶ የከሸፈ ጥርስ ወይም ውስጡ መሣሪያ የተሰበረበት ከሆነ በዚህ ዘርፍ የተካነ ስፔሻሊስት መፈለግ ተገቢ ነው። የምትሄዱ ከሆነ በአንድ ጊዜ ሊጠናቀቅ ይችል እንደሆነ ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ፤ ራጁንና የተሠራውን የሚገልጽ ወረቀትም ተቀበሉ። ጉንጫችሁ አብጦ ግን እዚህ ማንም ሳያያችሁ መኪና ላይ አትውጡ።

ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። የቀረው ጥርስ ሽፋን ይሸከማል ወይ? ዋጋው በጥርስ ነው ወይስ በቦይ? ራጁና ሽፋኑ ተካተዋል? ባይሳካስ? ጥያቄ የሚያስቆጣው ሐኪም ጋ ጥርሴን አልሰጥም።

እናንተም መናገር ያለባችሁ አለ። ስኳር ካለባችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ ንገሩ። የልብ ቫልቭ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ከምንም በፊት ይናገር፤ ለአንዳንዱ ቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። እርግዝና ሕክምናውን አይከለክልም፤ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ይመቻል፣ ኢንፌክሽን ካለ ግን እስከ ወሊድ አይጠበቅም።

ለወላጆች አንድ ነገር። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ዝም ብሎ ይወጣል። ብዙ ሰው የወተት ጥርስ ይመስለዋል። የጎረቤቴ ልጅ በ9 ዓመቷ እሱን ልታስነቅል ነበር፤ እናቷ «ይበቅላል» ብላ ነው። አይበቅልም። ዕድሜ ልኳን የምታኝክበት ጥርስ ነው። ታክሞላት ይኸው አለ።

ታናሽ ወንድሜ አሁን ሩት ካናል ጀምሯል፣ የታች መንጋጋ፣ ሦስት ቦይ። ሕመሙ በመጀመሪያው ቀን ለቆታል። «ደህና ሆኛለሁ እኮ፣ ሁለተኛውን ለምን አላራዝመውም?» ብሎ ደወለልኝ። የተሰበረውን ጥርሴን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ አምጥቼ አሳየሁት። ማክሰኞ ቀጠሮው ነው። የሽፋኑን ገንዘብ እኔ ጋ አስቀምጧል።